አያቴ የተወችልኝ ሥዕል ልጄን ያስፈራታል፤ ላውርደው ወይስ ይቆይ?

ሐይቅ ዳር — ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እያሳሰበኝ ነው።

አያቴ አምና አረፈች። በወጣትነቷ ከወሎ ወደዚህ ስትመጣ ከልብሷ ሌላ የያዘችው ነገር ቢኖር በአቡጀዲ ላይ የተሣለ አንድ ሥዕል ነበር። ጠቅልላ፣ በነጠላ አስራ፣ የጭነት መኪና ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋ እንዳመጣችው ስትነግረን ኖራለች። ማን እንደሣለው አይታወቅም። አባቷ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት የት እንደነበር እሷም አታውቅም።

መሃሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። በቀኝና በግራዋ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዘው ቆመዋል። ከሚካኤል እግር ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ጥቁር ነገር ተጋድሟል። ሰይጣን ነው። ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ሥዕሉ በጠቅላላው ጠቁሯል። የእመቤታችን ፊት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ሆኗል። የዓይኖቿ ነጭ ግን አሁንም ነጭ ነው።

ልጅ ሆኜ አያቴ ጋ ሳድር እፈራው ነበር። ቀን ቀን ምንም አይመስለኝም። መብራት የጠፋ ማታ ግን ኩራዝ ታበራለች። ነበልባሉ በተወዛወዘ ቁጥር ፊታቸው ይንቀሳቀሳል። ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ያንን ባለ አንድ ዓይን እጠብቀው ነበር። እንቅልፍ ከወሰደኝ ከጥጉ የሚነሣ ይመስለኛል።

አሁን ሥዕሉ ለእኔ ደርሶኛል። ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ሰቀልኩት። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎኑን የምታቋርጠው በሩጫ ነው። ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ ትቀሰቅሰኛለች። «ያየኛል» ነው የምትለው። ባለቤቴ «አውርጂውና ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ» ይላል። እናቴ ደግሞ «የእናቴን ጸሎት ከግድግዳ ልታወርጂ ነው?» ብላ አኩርፋኛለች።

ቅዱስ ሥዕል ማስፈራት አለበት እንዴ? ሲሣል ጀምሮ እንዲያስፈራ ታስቦ ነው ወይስ ሲያረጅ ነው እንዲህ የሆነው? ልጄንስ ምን ልበላት? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የመናኸሪያው ልጅ — ማክሰኞ፣ ማታ 3፡42

እህቴ፣ ለአያትሽ ነፍስ ይማር። እኔ ያደግኩት ፕሮቴስታንት ቤት ነው። ቅዱስ ሥዕል አልነበረንም። ፍርሃቱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ሳሎናችን ውስጥ የሚያለቅስ ፈረንጅ ሕፃን ፖስተር ነበር። ጉንጩ ላይ እንባው ወርዷል። ዓይኑ ፊት ለፊት ነው። አባታችን ከገበያ ገዝቶ ከቡፌው በላይ የሰቀለው ነው። ማታ ሲሆን እህቴ ወንበር ላይ ወጥታ ነጠላ ትጥልበት ነበር።

ካደግኩ በኋላ ታሪኩን ፈልጌ አነበብኩ። እንዲህ ካሉት የሚያለቅሱ ልጆች አብዛኞቹ የጣሊያናዊው የብሩኖ አማዲዮ ሥራዎች ናቸው። ብራጎሊን በሚል ስም ነበር የሚፈርመው። እንግሊዝ አገር በጣም ብዙ ቤት ውስጥ ተሰቅለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 «ዘ ሰን» የተባለው ጋዜጣ ቤት ሲቃጠል ይህ ሥዕል ብቻ ይተርፋል ብሎ ጻፈ። አገሩ ተረበሸ። ሰዎች ሥዕላቸውን ለጋዜጣው ላኩ፤ ተከምሮም ተቃጠለ። ቆይቶ ሲመረመር ነገሩ ሌላ ሆነ። ሥዕሉ የታተመበት ጠንካራ ሰሌዳ በቀላሉ አይነድም። እሳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚበጠሰው ማንጠልጠያ ክሩ ነው። ሥዕሉ በፊቱ ወለል ላይ ይደፋል። በዚህ የተነሣ ይተርፋል።

ይህን ሳውቅ ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አለቀቀኝም። ለካ እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጁ ለምን እንደሚያለቅስ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አባታችንም አያውቀውም። ያንቺ ሥዕል ቢያንስ ታሪክ አለው። ታሪኩን ንገሪያት።

ዲያቆን ከታቦር — ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡25

እግዚአብሔር የአያትሽን ነፍስ በገነት ያኑር። እናትሽ ማዘናቸው ትክክል ነው። ነገር ግን የልጅቷም ፍርሃት እንደ ጥፋት መታየት የለበትም።

ስለ ባለ አንድ ዓይኑ ልንገርሽ። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቃንና መላእክት ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ። ሰይጣን፣ ከሓድያን፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች ደግሞ ከጎን ይሣላሉ። የሚታየው አንድ ዓይናቸው ነው። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። እኔ ልቤ የሚቀበለው ግን ይህን ነው። ፊት ለፊት ከተሣለ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ትገናኛላችሁ። ከጎን ከተሣለው ጋር አትገናኙም። ሠዓሊው ያንን ጥቁር ፍጥረት ከእኛ ጋር ዓይን እንዳይገጥም አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ለልጅሽ «እሱ አያይሽም፤ ማየት እንዳይችል ተደርጎ ነው የተሣለው» በያት። ሐሰት አይደለም።

እኔ ልጅ ሆኜ የምፈራው በላዔ ሰብእን ነበር። የተወለድኩባት ገጠር ቤተ ክርስቲያን መቅደሷ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው። ሸራው ግድግዳው ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነው። በላዔ ሰብእ አንድ እግር ይዞ ሲበላ ይታያል። 78 ሰው በልቷል። ቅዳሴ ላይ እናቴ ቀሚስ ሥር እገባ ነበር። በኋላ ቄሱ እጄን ይዘው ወደ ሥዕሉ አቀረቡኝና ከታች ያለውን ሚዛን አሳዩኝ። በአንድ በኩል የ78ቱ ነፍስ። በሌላው በኩል ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም የሰጠው እፍኝ ውኃ። እመቤታችን ጥላዋን ውኃው ባለበት ላይ ጥላለች። ሚዛኑም ወደዚያ አዘንብሏል። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ የሥዕሉን ግማሽ ብቻ ነበር የማየው። ቁመቴ ከሚዛኑ እኩል ነበር፤ እኔ ግን ቀና ብዬ እግሩን ብቻ ነበር የማየው።

ሐይቅ ዳር — ረቡዕ፣ ማታ 2፡05

ዲያቆን፣ በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ እንዳልከኝ አደረግኩ። አሁን ግን የባሰ ግራ ገብቶኛል።

ልጄን ይዤ ሥዕሉ ፊት ቆምን። ባለ አንድ ዓይኑን አሳየኋትና «ይህ አያይሽም፤ ወደ ጎን ነው የሚያየው» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። «እሱ አይደለም እኮ» አለችኝ። «ታዲያ ማን ነው?» ስላት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ወደ እመቤታችን። «እሷ ናት። ሶፋው ጋ ስሆን ታየኛለች፤ በሩ ጋም ታየኛለች። ጠረጴዛው ሥር ስገባም ታየኛለች» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እኔ ልጅነቴን ሙሉ የፈራሁት ሰይጣኑን ነበር። እሷ የፈራችው የአምላክ እናትን ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ቀለም በጥባጩ — ረቡዕ፣ ማታ 4፡30

እህቴ፣ ልጅሽ ጥሩ ዓይን አላት። የማወራሽ እንደ ሠዓሊ ነው። ሠላሳ ዓመት ብሩሽ ይዣለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ቀለም መበጥበጥ የለመድኩት እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ነው።

መጀመሪያ «የትም ብሄድ ታየኛለች» ስላለችው። ይህ በእያንዳንዱ ፊት ለፊት በተሣለ ሥዕል ላይ አለ። እኔ ፊትሽ ብቆምና አንቺ ወደ ጎን ብትሄጂ ጉንጬን ታያለሽ። የዓይኔ ጥቁር ወደ አንድ በኩል ይሸሽብሻል። ሥዕል ግን ጠፍጣፋ ነው። ጎን የለውም። የትም ብትቆሚ የሚታይሽ ያው አንዱ ፊት ነው፤ ጥቁሩም ከዓይኑ መሃል ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የተከተለሽ ይመስልሻል። ፈረንጆች ይህን በሞና ሊዛ ስም ይጠሩታል። የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ2019 የጀርመኑ ቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለክተው ሞና ሊዛ ራሷ እኛን እንደማታይ ጻፉ። 15 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን፣ ወደ ጆሯችን ነው የምታየው። የእኛ እመቤታችን ግን በቀጥታ ነው የምታየው። የእኛ ሠዓሊዎች ዓይንን በቀልድ አይሠሩትም። አባቴ ሥዕሉን ሁሉ ጨርሰው ዓይንን ለመጨረሻ ያስቀሩት ነበር። ዓይን የሚገባ ቀን እህል አይቀምሱም። ዓይን ያልገባለት ሥዕል ለሳቸው ገና ጨርቅ ነው። ዓይኑ ከገባ በኋላ ግን ጀርባቸውን አይሰጡትም ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እጇን እዪው። መሐረብ ይዛለች?

ፊቷ ለምን አረንጓዴ ሆነ ላልሽው ሳላየው እርግጠኛ መሆን አልችልም። ጣሊያኖች በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ፊት ሲሥሉ ሥሩን አረንጓዴ አፈር ቀብተው በላዩ ሮዝ ይደርቡ ነበር። ሮዙ በዘመን ብዛት ሲሳሳ አረንጓዴው ወጣ። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የምናያቸው አረንጓዴ ቅዱሳን ሲሣሉ እንደዚያ አልነበሩም። እኛ ጋ ደግሞ የጧፍና የእጣን ጢስ አለ። በ18ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ፊት ላይ ጥላ ማስገባት ከጀመሩ ወዲህ ያ ጥላ ከጢሱ ጋር ሲደመር ጠይሙን ያጠቁረዋል። የዓይን ነጭ ግን ወፍራም ቀለም ስለሆነ ጎልቶ ይቀራል። ፊቱ ይጠልቃል፤ ዓይኑ ይቀራል። ልጅሽ የምታየው ይህን ነው።

አሞራ ገደል — ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

ሁላችሁም የተጋነነ ትርጉም እየሰጣችሁት ነው። የድሮ ሠዓሊዎች የሰው አካል መሣል አይችሉም ነበር። ትምህርት አላገኙም። ሕፃኑ ኢየሱስ ላይ የሽማግሌ ፊት ያደረጉት ለዚህ ነው። ጣት እንደ ቅርንጫፍ፣ አንገት እንደ ዱላ። የሚያስፈራው አለመመጣጠኑ ነው። ልጅን በዚህ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ዘመናዊ የታተመ ሥዕል ግዢና ስቀዪ። ፊቱ ያማረ፣ የሚስቅ።

ዲያቆን ከታቦር — ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡35

ወንድሜ፣ ሕፃኑ እንደ ትልቅ ሰው የተሣለው ባለመቻል አይደለም። «ዕሩቅ ሕፃን አይደለም፤ አምላክ ነው» ለማለት ነው። እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖም እጁን ለቡራኬ ያነሣል፤ መጽሐፍም ይይዛል። የአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊዎችም ሕፃኑን እንደዚያው ነው የሣሉት። ገበያ ላይ ያለው ጉንጩ የቀላ፣ ፀጉሩ ወርቅ የመሰለ ሕፃን ያምራል። ነገር ግን ማን እንደሆነ አይነግርህም።

ቀለም በጥባጩ — ሐሙስ፣ ቀን 7፡15

በዚህ ዲያቆንን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። መሣል ያቃተው ሰው እጅ ይታወቃል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ያመነታል። የድሮዎቹን መስመር እዩት። ከግንባር ተነሥቶ በአፍንጫ በኩል አንዴ ይወርዳል። አልተሰረዘም፣ አልተደገመም። እንደዚያ የሚያሰምር እጅ ጣት መሣል አያቅተውም። ያስረዘመው ሊያስረዝመው ስለፈለገ ነው።

ሲስተር ከአዲስ ከተማ — ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

ነርስ ነኝ። ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ክር ግን ሁለት ቀን ስከታተለው ቆየሁ። እህቴ «ቅዱስ ሥዕል ማስፈራት አለበት እንዴ?» ብለሽ የጠየቅሽው አልወጣልኝም።

አንድ ሥዕል ላውራላችሁ። ያወቅኩት በሕክምና መጽሐፍ በኩል ነው። ማቲያስ ግሩንቫልድ የተባለ ጀርመናዊ ከ1512 እስከ 1516 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ኢሰንሃይም ለሚባል ገዳም የሣለው ነው። ዛሬ ፈረንሳይ አገር ኮልማር ከተማ፣ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። የተሰቀለው ክርስቶስ ሰውነቱ በሙሉ ቁስል ነው። ቆዳው አረንጓዴ ነው። እሾህ ገላው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ጣቶቹ እንደ ጥፍር ተቆልምመዋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ገጹን ዘግቼው ተነሣሁ። ይህንን ለምእመናን እንዴት ያሳያሉ ብዬ ተናድጄ ነበር።

በኋላ ግን ማን እንዲያየው እንደተሣለ አነበብኩ። ገዳሙ በአባ እንጦንስ ስም የሚጠሩ መነኮሳት ገዳም ነበር። ሥራቸው ሕሙማን ማስታመም ነው። በተለይ «የእንጦንስ እሳት» የሚባል በሽታ የያዛቸውን። በሽታው የሚመጣው እህል ላይ ከሚበቅል ፈንገስ ነው። ፈንገስ ያለበትን እህል የበላ ሰው ደም ሥሮቹ ይጠባሉ። እጅና እግሩ እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ከዚያ ጋንግሪን ይሆንና ይጠቁራል፤ ይወድቃል። እነዚያን ሰዎች ነው ሥዕሉ ፊት የሚያመጧቸው። ቁስሉን ያዩት ቁስለኞች ናቸው። የራሳቸውን ገላ አዩበት።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ይኸው በሽታ ወሎ ገብቶ ነበር። ገብስ ውስጥ የተቀላቀለው ሲናር ላይ የነበረ ፈንገስ ነው። እግራቸውን ያጡ አሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርሲ ላይ ታየ። አርሲ እኮ ከሐዋሳ ቅርብ ናት። ያያትሽ አገር ሰዎች ያንን ሥዕል ቢያዩት ገጹን የሚዘጉ አይመስለኝም።

ተኝተው ከሚታከሙት ውስጥ ፎቶ ወይም ትንሽ ሥዕል ትራስ ሥር የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። ስቆ የሚያያቸውን አይደለም የሚመርጡት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት ማታ ላይ «ሲስተር፣ ወደ እኔ አዙሪልኝ» ብላኝ ነበር። ሥዕሉ ወደ ግድግዳ ዞሮባት ነው።

የሚያስፈራ ሁሉ ክፉ አይደለም ለማለት ነው የጻፍኩት።

የመናኸሪያው ልጅ — ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። «ወደ እኔ አዙሪልኝ» ያልሽው ላይ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ።

ባዶ ክፍል — ዓርብ፣ ጠዋት 3፡05

እኔ አርክቴክቸር አስተምራለሁ። ቅዱስ ስላልሆነ ሥዕል ልጻፍ፤ ከልጅቷ ነገር ጋር ይገናኛል።

ቪልሄልም ሐመርስሆይ የሚባል የዴንማርክ ሠዓሊ ነበር። ከ1864 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ኖረ። ኮፐንሃገን፣ ስትራንድጋዴ 30 በሚባል አድራሻ ከሚስቱ ከኢዳ ጋር አሥር ዓመት ያህል ተቀምጧል። የሣለው ያንን ቤት ነው። ደጋግሞ፣ ያንኑ ክፍል። ግራጫ ግድግዳ። የተከፈተ በር፣ ከበሩ ባሻገር ሌላ በር። ጠረጴዛ አለ፣ ምግብ የለም። ኢዳ ካለችም ጀርባዋን ሰጥታ ነው። አንገቷ ብቻ ይታያል። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም። ተማሪዎቼን ሳሳያቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዷ «አንድ ሰው ሞቶ ነው?» ብላኛለች። አልሞተም። ማንም አልሞተም።

እኔ ያንን ሥዕል ሳየው የሚመጣብኝ የእናቴ የእንግዳ ክፍል ነው። ታውቁታላችሁ። ሶፋው ላይ ዳንቴል፣ ቡፌው ውስጥ ማንም ያልጠጣበት ብርጭቆ። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። እንግዳ ከመጣ ብቻ ይከፈታል። ግድግዳው ላይ ሳይመለስ የቀረው የታላቅ ወንድማችን ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ፎቶ ቤት በእጅ ቀለም የገባለት። ከንፈሩን ቀይ፣ ኮቱን ሰማያዊ አድርገውታል። በሕይወቱ ሰማያዊ ኮት ኖሮት አያውቅም። እዚያ ክፍል ልጅ ሆነን አንጫወትም ነበር። ማንም አልከለከለንም። ዝም ብለን አንገባም።

የእናንተን ሳነብ የገባኝ ይህ ነው። ኢዳ ጀርባዋን ሰጥታናለች። እኛ እንዳለን አታውቅም። ክፍሉ ያለ እኛ የሚኖር ክፍል ነው። ያ ይረብሸኛል። የእህታችን ሥዕል ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ ያለን መሆናችንን ታውቃለች። እንደ ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር ብንገባም ታውቃለች። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ እኔ የሚያየኝን እመርጣለሁ። የእናቴን ክፍል ስላየሁት ነው።

አሞራ ገደል — ዓርብ፣ ቀን 6፡40

እሺ። የሽማግሌውን ፊት ጉዳይ አላወቅኩም ነበር። ዲያቆን፣ አመሰግናለሁ። ግን የዓይኑን ነገር ከክታብ ጋር ለምን አታያይዙትም? አያቴ ቤት ብራና ላይ የተጻፈ ክታብ ነበር። ዓይን ብቻ ነው የሞላው። እንደ ኮከብ ባለ ስምንት ጫፍ ሆኖ መሃሉ ላይ ፊት አለ። እሱ ነው የእውነት የሚያስፈራው።

ዲያቆን ከታቦር — ዓርብ፣ ቀን 7፡30

ክታብ ሌላ፣ ቅዱስ ሥዕል ሌላ። ባናቀላቅል ደስ ይለኛል። ክታብ ደብተራ ለአንድ ሰው ሕመም ብሎ የሚጽፈው ነው። ጸሎት አለበት፤ የሱስንዮስን ጸሎት የመሰለ፣ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን የሚያባርር። የአስማት ስምም አለበት። ቤተ ክርስቲያን ያንን አትቀበልም።

ቀለም በጥባጩ — ዓርብ፣ ማታ 1፡10

ዲያቆን፣ በሃይማኖቱ በኩል አልከራከርህም። በሥዕል በኩል ግን ወንድማችን ያነሣው ትልቅ ነገር ነው። ክታቡ እንደ ታማሚው ቁመት ይቆረጣል። ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው። ዓይኑ የተሣለው ታማሚውን ለማስፈራራት አይደለም። በታማሚው ውስጥ አለ የተባለው ክፉ መንፈስ በታማሚው ዓይን በኩል አይቶት እንዲሸሽ ነው። የሚፈራው ሌላ ነው፤ ዓይኑ የሚቆመው ለአንተ ነው። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ያንን ዓይን ከክታብ አውጥቶ በዘመናዊ ሸራ ላይ ሲበትነው ዓለም ቆሞ ያየው ለዚህ ይመስለኛል። ፍርሃትና ጥበቃ አንድ ዓይን ውስጥ አሉ።

ሐይቅ ዳር — ዓርብ፣ ማታ 3፡00

ጋሼ፣ መሐረብ ይዛለች! ትናንት በስልኬ መብራት አየሁት። ግራ እጇ ላይ፣ በጣም ጠቁሮ እጥፋት መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁትም። ምን ማለት ነው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ባለቤቴ በሎሚና በሳሙና ብንጠርገው ፊቷ ይፈካል፣ ልጅቷም አትፈራም ይላል። ነገ ሊጠርገው ነው።

ቀለም በጥባጩ — ዓርብ፣ ማታ 3፡08

አይነካ! እባክሽ አሁኑኑ ንገሪው። ሎሚም፣ ሳሙናም፣ እርጥብ ጨርቅም፣ ዘይትም አይነካው። የድሮ ቀለም በሙጫ የተበጠበጠ ሊሆን ይችላል። ውኃ ሲያገኘው ይለቃል። ጥቁሩን እጠርጋለሁ ስትሉ ዓይኗን ይዛችሁት ትመጣላችሁ። አንድ ቤተሰብ እንዲህ አድርጎ ያመጣልኝ ሥዕል ነበር። ፊቱ ባዶ ነው። የቀረው ልብሱ ብቻ። ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ቫርኒሽም አትቀቡት። ከሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ ከሆነ ይረጥባልና ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛውሩት። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው።

መሐረቡን ላስረዳሽ። ሮም ውስጥ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በምትባል ቤተ ክርስቲያን የምትገኝ ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለች። በ1569 እ.ኤ.አ. ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እንዲቀዷት ተፈቀደላቸው። ቅጂዋን ይዘው ዓለምን ዞሩ፤ እኛም ጋ ደረሰች። ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። የእኛ ሠዓሊዎች የራሳቸው አደረጓት። ዓይኗን አሰፉት፣ ፊቷን የአገራቸውን ሰው አስመሰሉት። መሐረቡን ግን አልተዉትም። አባቴ መሐረቡን ሲሥሉ «የምታለቅስ እናት ያለ መሐረብ አትሆንም» ይሉኝ ነበር። ከሮም እንደመጣ አያውቁም። ግን ያሉት ልክ ይመስለኛል።

ሲስተር ከአዲስ ከተማ — ዓርብ፣ ማታ 3፡30

ለልጅሽ መሐረቡን አሳያት።

ዲያቆን ከታቦር — ዓርብ፣ ማታ 4፡00

አንድ የዘነጋነው ነገር አለ። መጋረጃ። ቅዱስ ሥዕል ቀኑን ሙሉ ተገልጦ አይውልም። በመጋረጃ ይሸፈናል፤ በጸሎት ሰዓት ይገለጣል። አያትሽ መጋረጃ አልነበራቸውም?

ሐይቅ ዳር — ዓርብ፣ ማታ 4፡12

ነበራት! ቀይ፣ ጥልፍ ያለው። ለአቧራ መስሎኝ እኔ ነኝ የተውኩት። ቀን የማልፈራው ተሸፍኖ ስለነበረ ነው ማለት ነው። ማታ ለጸሎት ገልጣው እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። አሁን ነው የገባኝ።

ሐይቅ ዳር — እሑድ፣ ማታ 2፡20

የሆነውን ልንገራችሁ፤ ሁላችሁም ደክማችሁልኛል።

ባለቤቴ ሎሚውን ተወው። ሥዕሉን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወርነው። ዝቅ አድርገን ነው የሰቀልነው፤ ልጅቷ እንድትደርስበት። እናቴ ኩርፊያዋን ትታ ቀዩን መጋረጃ ከሣጥን አውጥታ መጣች። ጫፉ በጧፍ ትንሽ ተቃጥሏል። አጥበን ሰቀልነው። ገመዱን ለልጄ ሰጠኋት። መክፈትና መዝጋት ያንቺ ሥራ ነው አልኳት።

ትናንት መጀመሪያ ጣት በምታህል ክፍተት ከፍታ ዘጋችው። ማታ ላይ ግማሽ ድረስ። መሐረቡን አሳየኋት። «ለምን ታለቅሳለች?» አለችኝ። ስለ ልጇ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። ዛሬ ከገብርኤል ስንመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሄዳ ሙሉ ለሙሉ ከፈተችው። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ረጅም ጊዜ አየቻት። አሁንም ትንሽ የፈራች ይመስለኛል። ግን አልሮጠችም።

ከዚያ ደብተሯን አምጥታ ሣለችው። እመቤታችንን በትልልቅ ዓይን፣ መላእክቱን፣ መሐረቡን። ያንን ጥጉ ላይ ያለውንም ሣለችው። ለእሱም ሁለት ዓይን አድርጋለታለች። «እሱ እኮ አንድ ነው ያለው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «እሷን እንዲያያት ነው።»

ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነን። መጥተው ቢያዩልን ደስ ይለናል። ዲያቆን፣ አንተም ጊዜ ካለህ ና። እናቴ ቡና ታፈላለች።